ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የውሃ ማጣሪያ

 

የዛሬው የሳይንስና የቋንቋ ትምህርታችን ስለ ውሃ ማጣሪያ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ወጥ ቤት ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ስትከፍቱ፣ ተደርድረው የቆሙ ሦስት ወይም አራት ነጭ ጠርሙስ የሚመስሉ ነገሮችና ትንሽ ጋን የምታክል ድብልብል ዕቃ አይታችኋል። ከላይ ደግሞ ከትልቁ ቧንቧ አጠገብ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ብቅ ብላለች። «የሚጠጣውን ከትንሿ ቅዱ» ትባላላችሁ። ይህ ዕቃ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል፤ ሰው በአጭሩ «አር ኦ» ይለዋል።

ይህን ርዕስ የመረጥነው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚያ ዕቃ ውስጥ የሚሠራው ሳይንስ ደስ ይላል። ሁለተኛው ወላጆችን የሚመለከት ነው። ይህን ዕቃ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ ሰዎች ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ልጅ ያለበት ቤት ሲሆን ደግሞ «ልጅዎ የሚጠጣውን ይዩት!» እያሉ ያስደነግጣሉ። እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው በቀላሉ አይደነግጥም። እንግዲህ ከቃላቱ እንጀምር።

ማጣራት በአማርኛ

አማርኛ አንዱን ነገር ከሌላው ስለ መለየት ብዙ ቃል አለው። ዱቄት በወንፊት እንነፋለን። (ፊኛም «ይነፋል»፤ ግን አንዱ በወንፊት ነው፣ ሌላው በአፍ። እንዳትሳሳቱ።) ጠላ በማጥለያ እናጠልላለን፤ ሳይጠለል የሚጠጣው ጉሽ ይባላል፣ ከታች የሚቀረው ደግሞ አተላ ነው። ቅቤ በእሳት እናነጥራለን፣ ወርቅም እንዲሁ። ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ እንስራ ውስጥ ሲያድር ደለሉ ወደ ታች ይዘቅጥና ውሃው ይጠልላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶ አካባቢ በብዛት የሚበቅለው ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ፍሬው ተፈጭቶ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ጭቃውን ሰብስቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ውሃ ሲሆን በአብዛኛው «አጣራ» እንላለን፤ የሚያጣራው ዕቃ ማጣሪያ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ወንፊትም ማጥለያም የሚሠሩት በመጠን ነው። ትልቁ ይቀራል፣ ትንሹ ያልፋል። ነገር ግን ጨው የበዛበትን መረቅ በማጥለያ ብታሳልፉት ጨዋማነቱ ይቀንሳል? አይቀንስም። በነጠላ ብታጠሉት፣ ነጠላውን አራት ላይ አጥፋችሁ ብታጠሉትም ያው ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እጅግ በጣም ትናንሽ ወደ ሆኑ ቅንጣቶች ይበተናል፤ እነዚህን የሚያስቀር ጨርቅ የለም።

ጨውን ከውሃ ለመለየት ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው መንገድ ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን መያዝ ነው። እንፋሎቱ ጨውን ጥሎ ይነሳል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ አያት ካላችሁ ጠይቋቸው፤ ዘዴው አንድ ነው። ግን ብዙ እሳት ይፈጃል። ሌላው መንገድ ኦስሞሲስን ማወቅ ይጠይቃል።

ኦስሞሲስ ምንድን ነው?

እናታችሁ ቲማቲም ከትፋ ጨው ነሰነሰችበት እንበል። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። ማንም ውሃ አልጨመረበትም፤ ውሃው የወጣው ከቲማቲሙ ከራሱ ነው። ዘቢብ ደግሞ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ብታሳድሩት ጠዋት ተነፍቶ ታገኙታላችሁ። እዚያ ውሃ ወጣ፣ እዚህ ውሃ ገባ። ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

የቲማቲሙም ሆነ የዘቢቡ ሥጋ እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን የታጠረ ነው። ይህ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውንና ስኳርን ግን ያግዳል። ስለዚህ «ከፊል አሳላፊ» ይባላል፤ «አሳለፈ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። የውሃ ቅንጣቶች ሁልጊዜ ይሯሯጣሉ፤ ከዚህም ከዚያም እየመጡ ሽፋኑን ይመታሉ። በጨዋማው በኩል ቦታውን ጨው ስለሚሻማቸው የሚመቱት ያንሳሉ፤ ንጹሕ ውሃ ካለበት በኩል የሚሻገሩት ይበዛሉ። በጠቅላላው ሲታይ ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል። ይህ ነው ኦስሞሲስ። ቲማቲሙ ላይ ጨው ከውጭ ስለበዛ ውሃው ወጣ፤ ዘቢቡ ውስጥ ስኳር ስለበዛ ውሃው ገባ። ቋንጣ ሲዘለዘል ጨው የሚታሸውም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጨው ከሥጋው ውሃ ይስባል፣ ውሃ ያጣ ሥጋ ደግሞ ቶሎ አይበላሽም።

ይህን ነገር በ1748 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በሙሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሙከራ አይቶ የጻፈው ዣን-አንቷን ኖሌ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስና ሳይንቲስት ነው። አንድ ዕቃ አልኮል ሞላና አፉን በአሳማ የሽንት ፊኛ አጥብቆ አሰረው፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ነከረው። ፊኛው እያበጠ ሄደ። ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አልኮሉ ግን አልወጣም።

ተገላቢጦሹ

«ሪቨርስ» ማለት ተገላቢጦሽ ነው። ውሃ በተፈጥሮው ወደ ጨዋማው ወገን የሚሄድ ከሆነ፣ ጨዋማውን ወገን በኃይል ብንገፋውስ? ግፊታችን ከተፈጥሮው ግፊት ከበለጠ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጨዉ ሽፋኑ አላሳልፍ ስለሚለው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ውሃውን እንጂ ጨዉን አንነካም ማለት ነው።

ምን ያህል መግፋት ያስፈልጋል? ግፊት የሚለካው ባር በሚባል መለኪያ ነው። የትንሽ መኪና ጎማ ግፊት ከ2 ባር ትንሽ ይበልጣል። ቤታችሁ ያለው የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው 3 ወይም 4 ባር ነው። የባህር ውሃ ግን በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው የራሱ የኦስሞሲስ ግፊት ብቻ ወደ 27 ባር ይደርሳል፤ ፋብሪካዎቹ ከ55 እስከ 70 ባር ይገፋሉ። የቤታችን የቧንቧ ውሃ ጨው በጣም ትንሽ ስለሆነ ያለ ሞተር፣ በቧንቧው ግፊት ብቻ ይጣራል። ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቤት ግን ትንሽ ፓምፕ ይጨመርበታል።

ይህ ሐሳብ ከወረቀት ወደ ሥራ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ የነበሩት ሽፋኖች ጨው ያግዳሉ፣ ውሃውን ግን ጠብ ጠብ እያደረጉ ብቻ ስለሚያሳልፉ ለሥራ አይሆኑም ነበር። በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ ሎብ እና ሕንድ ተወላጁ ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ከላይ እጅግ ስስ ቆዳ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ባለ ቀዳዳ ድጋፍ ያለው ሽፋን ሠሩ። የሚያሳልፈው ውሃ ከበፊቶቹ ብዙ እጥፍ ሆነ። በ1965 ኮሊንጋ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ሥራ ጀመረ። ኮሊንጋ የከርሰ ምድር ውሃዋ ጨዋማ ስለነበር ድሮ የሚጠጣ ውሃ በባቡር ይመጣላት ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ጆን ካዶት የሚባል ኬሚስት ከሌላ ነገር የተሠራ፣ የተሻለ ስስ ሽፋን አወጣ። ዛሬ በየቤታችን ያለው የዚያ ዝርያ ነው።

ዱባይ ወይም ኩዌት አክስት ያላችሁ ልጆች፣ እሷ ከቧንቧ የምትቀዳው ውሃ በአብዛኛው ከባህር የመጣ ነው። አንዳንዱ ተፍልቶ፣ አንዳንዱ በዚህ በተገላቢጦሹ መንገድ የተጣራ ነው። አቡዳቢ አጠገብ ያለው የጣዊላ ፋብሪካ በቀን ከ900,000 ሜትር ኩብ በላይ ማጣራት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። በእስራኤልም አሽኬሎን ላይ ከ2005 ጀምሮ የሜዲትራንያን ባህር ውሃ ይጣራል፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችንም ባህር እየጠጡ ነው ማለት ይቻላል።

አንዲት ጠብታ በማጣሪያው ውስጥ

አሁን ቤታችሁ እንግባና አንዲት ጠብታ እንከተል። ከቀዝቃዛው ቧንቧ ተጠልፋ ወደ መጀመሪያው ነጭ ጠርሙስ ትገባለች። ይህ ተራ ወንፊት ነው፤ አሸዋና የቧንቧ ዝገት ያስቀራል። ሁለተኛው ከሰል ነው። ከሰል ስንል ቡና የምናፈላበት ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ከኮኮናት ቅርፊት ተቃጥሎ በልዩ መንገድ የተዘጋጀ፣ ውስጡ ስፍር ቁጥር የሌለው ጉድጓድ ያለበት ከሰል ነው። ሽታንና ክሎሪንን ይይዛል። ክሎሪን የከተማው ውሃ ክፍል ጀርሞችን ለመግደል የሚጨምረው ነው፤ ጥሩ ሥራ ሠርቶ መጥቷል። እዚህ ግን መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም ክሎሪን ስሱን ሽፋን ይበላዋል። ከሰሉ በጊዜው ካልተቀየረ ውዱ ሽፋን ይበላሻል ማለት ነው።

ከዚያ ዋናው ክፍል ይመጣል፤ ሽፋኑ። ሲያዩት ትንሽ ቱቦ ይመስላል፣ ሲዘረጋ ግን ሰፊ ነው፤ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ነው የገባው። እዚህ ላይ ጠብታችን ሁለት መንገድ አላት። ወይ ሽፋኑን አልፋ ንጹሕ ውሃ ትሆናለች፣ ወይ ደግሞ ማለፍ ያልቻለውን ጨው ሁሉ ጠርጋ ወደ ፍሳሹ ቱቦ ትሄዳለች። መጠኑን ለማወቅ፦ የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ባክቴሪያ 1 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይህ ሽፋን የሚለየው ግን ከ1 ማይክሮን አንድ ሺህኛ ያነሱ ነገሮችን ነው።

ሽፋኑን አልፎ የሚመጣው ውሃ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ብርጭቆ ይዞ ቢጠብቁት ያሰለቻል። ስለዚህ በድብልብሏ ጋን ውስጥ ይጠራቀማል። በጋኗ ውስጥ አየር የታጨቀበት ላስቲክ አለ፤ ትንሿን ቧንቧ ስትከፍቱ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። በመጨረሻ በአንድ ሌላ ከሰል ያልፍና ብርጭቆአችሁ ውስጥ ይወርዳል።

ወደ ፍሳሽ የሚሄደውስ?

ይህ የዕቃው ደካማ ጎን ነው፤ ሻጮችም ብዙ አያወሩትም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው የተለመደው የቤት ማጣሪያ አንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ ለመስጠት አምስት ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ኤጀንሲው በ2024 ባወጣው የዋተርሴንስ ደረጃ መሠረት ምልክቱን የሚያገኘው ለአንድ ጋሎን ከ2.3 ጋሎን በላይ የማይደፋ ዕቃ ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ በቀን 3 ጋሎን ቢጠቀም፣ አሮጌው ዕቃ በቀን 15 ጋሎን፣ በዓመት 5,475 ጋሎን ይደፋል። አዲሱ በቀን 6.9 ጋሎን፣ በዓመት 2,520 ጋሎን ገደማ ይደፋል። አያቶቻችን እንስራ በጀርባቸው አዝለው ከወንዝ ሲቀዱ የኖሩትን ስናስብ ቁጥሩ ትንሽ ያሳፍራል።

ግን የሚደፋው ውሃ እንደ አተላ የቆሸሸ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ጋሎን ገብቶ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ የስድስቱ ጨው በአምስቱ ውስጥ ተጠራቀመ ማለት ነው። አንድ አምስተኛ ብቻ ነው የጨመረው። አንዳንድ ሰዎች ቱቦውን ወደ ባልዲ አዙረው ወለል ይወለውሉበታል።

ምን ያወጣል፣ ለማንስ ያስፈልጋል?

በዋሽንግተን ዲሲ የሆነውን ብዙ ወላጆች ያስታውሱታል። ከተማው በ2000 መጨረሻ ላይ ለጀርም ማጥፊያ ይጠቀምበት የነበረውን ክሎሪን ክሎራሚን በሚባል ሌላ ኬሚካል ቀየረ። በአሮጌዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው መከላከያ ልባስ በዚህ ምክንያት እየተፈታ እርሳሱ ወደ ውሃው ገባ። ነዋሪው በሰፊው የሰማው በ2004 መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ ከተማ ልጅ ያሳደጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2014 በሚሺገን ፍሊንት ከተማ ሌላ የእርሳስ ችግር ደረሰ።

እርሳስ (በቧንቧ የሚሠራው ብረት እንጂ የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም) ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እዚህ ላይ እናቶች አደራ፦ ውሃ ማፍላት እርሳስን አያጠፋም። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ እርሳሱ ግን ይቀራል፤ እንዲያውም ይጠነክራል። አገር ቤት «አፍልቶ መጠጣት» ትልቅ ጥበብ ነው፤ ለጀርም ነው፣ ለጀርምም ያገለግላል። ለብረት ግን አይሠራም።

አር ኦ እርሳስን በደንብ ያስቀራል። ይሁንና የእርሳስ ጉዳይ ብቻ ከሆነ የሚያሳስባችሁ፣ ለእርሳስ ተፈትኖ የ«ኤን ኤስ ኤፍ 53» ምልክት ያገኘ የከሰል ማጣሪያም ይበቃል፤ ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፣ ውሃም አይደፋም። አር ኦ ስትገዙ ደግሞ «ኤን ኤስ ኤፍ 58» የሚለውን ፈልጉ። ምልክቱ የቱን ነገር እንደሚያስቀር ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፍ አንብቡት፤ «ሁሉንም ያጣራል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ሌላው ፍሎራይድ ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂንና መተሐራን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ብዙ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ይበልጣሉ። በልጅነቱ ያን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት ከጠጣ አጥንቱም ይጎዳል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ዘመድ ካላችሁ የጥርሱ ቀለም ካለመቦረሽ የመጣ አይደለም፤ ውሃው ነው። ይህንንም ማፍላት አያወጣውም። አር ኦ ግን አብዛኛውን ያስቀራል። በየገጠሩ ይህን ዕቃ መትከል ግን ቀላል አይደለም፤ የቧንቧ ግፊት ይጠይቃል፣ ብዙ ውሃም ይደፋል። ለዚህ ነው የተቃጠለ አጥንት ከሰልን የመሳሰሉ ሌሎች ማጣሪያዎች የተሞከሩት።

በሌላ በኩል ደግሞ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የውሃ ክፍሉ ራሱ በሊትር 0.7 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ይጨምራል፤ በዚህ መጠን የልጆችን ጥርስ ከመበስበስ ይከላከላል ተብሎ ነው። አንድ ዓይነት ነገር ሲበዛ ያበልዛል፣ ሲመጠን ይጠቅማል። አር ኦ ይህንንም ስለሚያወጣው ቤታችሁ አር ኦ ካለ ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት።

ማዕድኑስ? ካልሲየምና ማግኒዥየምም አብረው ይወጣሉ። የተለያየ ምግብ የሚበላ ልጅ ማዕድን የሚያገኘው በአብዛኛው ከምግቡ ስለሆነ ለዚህ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር አይኖርም፤ እሱ ግን ኖራ ነው፣ አይጎዳም። ለቡና ግን፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ማዕድን ጨርሶ የሌለው ውሃ ጣዕሙን ያቀጥነዋል።

የጉድጓድ ውሃ ወይም ጀርም ያለበት ውሃ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ በአር ኦ ብቻ አይተማመኑ። የብዙዎቹ ዕቃዎች መመሪያ ራሱ «ጀርም ባለበት ውሃ ላይ ያለ ተጨማሪ ማከሚያ አትጠቀሙ» ይላል። እዚያ ላይ ማፍላት አሁንም ንጉሥ ነው።

ሁለቱ ብርጭቆዎች

አሁን ወደ ሻጩ እንምጣ። ሰውዬው ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ብርጭቆ ያስቀምጣል፤ አንዱ የእናንተ የቧንቧ ውሃ፣ ሌላው የእሱ የተጣራ ውሃ። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉበት ትንሽ መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ ሁለቱም ውስጥ ይከታል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የእናንተ ውሃ ቡናማ ጭቃ ሆኖ አረፋ ያወጣል። የእሱ ጥርት ብሎ ይቀራል። «ይኸው ልጆችዎ የሚጠጡት!»

ምን ሆነ መሰላችሁ? ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ዘንጉ ራሱ እየሟሟ ዝገት ይሆናል። ያ ቡናማ ነገር ከውሃው ሳይሆን ከሰውዬው ዘንግ የወጣ ብረት ነው! ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ዘንጉ አይሟሟም። እንግዲያው በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ እስቲ በእርስዎ ውሃ ውስጥ ቁንጥር ጨው ልጨምርና እንደገና ያሳዩን» በሉት። የእሱም ይደፈርሳል። (ልጆች፣ ይህን በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ኤሌክትሪክና ውሃ አይጫወቱበትም።)

ሌላው ቲ ዲ ኤስ የሚባለው እስክሪብቶ የሚያህል መለኪያ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ሁሉ ድምር በሊትር ሚሊግራም ይናገራል፤ ጥሩውን ከመጥፎው ግን አይለይም። አምቦ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ትልቅ ቁጥር ያሳያችኋል፤ አምቦ ውሃ ማዕድን የበዛበት የተፈጥሮ ውሃ ነውና። አምቦ ውሃ ቆሻሻ ነው የሚል ካለ ይምጣ! በተቃራኒው እርሳስ አሳሳቢ የሚሆነው በሊትር 0.015 ሚሊግራም በሆነ፣ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። መለኪያው 1 ሚሊግራም ነው የሚቆጥረው፤ እርሳሱን ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ሆነ ማለት ውሃው ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ትልቅ ሆነ ማለትም መጥፎ ነው ማለት አይደለም። መለኪያው የሚጠቅመው የራሳችሁን ማጣሪያ ለመከታተል ነው። የቧንቧው 200፣ የተጣራው 15 የነበረ ቤት፣ የተጣራው 70 ሲደርስ ሽፋኑ አርጅቷል።

ወላጆች፣ በአሜሪካ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ በ25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሸጠላችሁን ዕቃ ውል፣ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ ሊሰጣችሁ ይገባል። በየሱቁ ያለው ከማጠቢያ ሥር የሚገጠም አር ኦ ብዙውን ጊዜ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። በክፍያ ውል አምስት ሺህና ስድስት ሺህ ዶላር ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን እደሩበት።

ከገዛችሁ ደግሞ አትርሱት። ከፊት ያሉት ማጣሪያዎች በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራሉ፤ ሽፋኑ ሁለት ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የተቀየረበትን ቀን በፕላስተር ላይ በአማርኛ ጽፎ መለጠፍ የልጆች ሥራ ይሁን። «ሰኔ 12 ተቀየረ» ብሎ መጻፍ ለሆሄ ልምምድም ይረዳል። ከትንሿ ቧንቧ ጋር የሚያያዘው መስመር የመዳብ ሳይሆን የፕላስቲክ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ማዕድን የጎደለው ውሃ ብረትን ያሟሟል።

የቤት ሥራ

1. ድንች ልጣችሁ ሁለት እኩል ቁራጭ አድርጉ። አንዱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው በተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ሁለቱንም ለማጠፍ ሞክሩ። የትኛው ደረቅ ብሎ ቆመ? የትኛው ልፍስፍስ ሆነ? ውሃው ከየት ወደ የት እንደሄደ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ከፊል አሳላፊ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ።

2. ነፋ፣ አጠለለ፣ አነጠረ፣ አጣራ። እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አግቡ። ለአያታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ስልክ ደውላችሁ ሌላ እንዲህ ያለ ቃል ካለ ጠይቁና አምጡ።

3. ይህ ከወላጅ ጋር የሚሠራ ነው። በአሜሪካ የከተማ ውሃ የሚያቀርብ ድርጅት ሁሉ ከሐምሌ (ጁላይ) 1 በፊት ለደንበኞቹ ዓመታዊ የውሃ ጥራት ሪፖርት ማድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ በፖስታ ወይም በኢሜይል ይመጣና ሳይነበብ ይጣላል። የሰፈራችሁን ፈልጉ። «ሌድ» የሚለውን መስመር ፈልጉና ቁጥሩን ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ በአማርኛ አንብቡላቸው። የቤታችሁ ቧንቧ ከምን እንደተሠራም ጠይቁ፤ የቤት ውሃ ለእርሳስ ማስመርመር ብትፈልጉ ማን እንደሚመረምር ሪፖርቱ ላይ ባለው ስልክ መጠየቅ ይቻላል። የጻፋችሁትን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ በካርታ ላይ የሁላችሁንም ሰፈር ቁጥር እንለጥፋለን።